ዲሹ አፍ ላይ የተቀመጠችው ትራንዚስተር



ስለ ሬዲዮ ሞገድ ለማውራት ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚሻል ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ስም ነው፤ ከምድሩ የበቀለ። ንፋስ ስልክ ግን ከመሣሪያ የተወለደ ስም ነው። በምኒልክ ዘመን የመጣው ስልክ ድምፅን የሚያደርሰው በሽቦ እየጎተተ ነበር። ኋላ ያለ ሽቦ መልእክት የሚልክና የሚቀበል ጣቢያ በዚህ በኩል ሲተከል፣ ሕዝቡ ነገሩን አይቶ «የነፋስ ስልክ» አለው። ሞገዱ ነፋስ በሌለበት ሕዋም ውስጥ ይሄዳል፤ በስሙ ላይ ስህተት ከተባለ ይህች ብቻ ናት።

የዛሬው ንግግር ዓላማ አንድ የዶክትሬት ተማሪ ሦስት አራት ዓመት ሙሉ አንዲት በዓይን የማትታይ ትራንዚስተር ላይ አቀርቅሮ ምን እንደሚሠራ ማሳየት ነው። ሥራው በእንግሊዝኛው ዓለም «ሞዴሊንግ» ይባላል፤ ትራንዚስተሯ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ምን እንደምታደርግ በቀመር ጽፎ፣ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱ ከመሠራቱ በፊት በኮምፒውተር አስቀድሞ መናገር ማለት ነው። በቅድሚያ ጣሪያችሁ ላይ ካለው ዲሽ እንነሣለን፤ ቀጥሎ ሞዴል እንዴት እንደሚሠራ ረዘም አድርገን እናያለን፤ ከዚያ በዚህ ሥራ ያለፉ ጥቂት ሰዎችን ጠርተን፣ የቺፕ ፋብሪካ የሌለው አገር በመካከሉ ቦታ እንዳለው እንጠይቃለን።

በዕድሜ ገፋ ያላችሁት «ትራንዚስተር» ስትባሉ ትዝ የሚላችሁ በባትሪ የሚሠራው ሬዲዮ ሳይሆን አይቀርም። ሬዲዮው ስሙን ያገኘው በሆዱ ካለው ዕቃ ነው። ያን ዕቃ ጆን ባርዲንና ዋልተር ብራቴን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1947 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪ ሠሩት፤ ከዊልያም ሾክሌይ ጋር ሦስቱ በ1956 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። የዛሬ ወሬያችን የሆነችው ዓይነት ትራንዚስተር በመሠረቱ ቧንቧ ናት። ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ጫፍ፣ ሶርስ ከሚባለው፣ ወደ ሌላው ጫፍ ወደ ድሬን ይፈስሳሉ፤ መካከል ላይ ያለው ጌት ደግሞ ቧንቧውን የሚያጠብቅና የሚያላላ እጅ ነው። ደካማ ምልክት እጁን ትንሽ ሲያነቃንቀው፣ በቧንቧው የሚያልፈው ብዙ ፍሰት ያንኑ እንቅስቃሴ አጉልቶ ይደግመዋል።

አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ እንውጣ። ዲሽ ሠሪው ቁልፉን ጥርሱ ላይ ነክሶ፣ ሳህኑን ወደ ምሥራቅ፣ 57 ዲግሪ ላይ ወዳለው ሳተላይት እያዞረ ነው። ኢትዮሳት ሲጀመር ስንቱ ቤት ዲሹን ከናይልሳት እንዳዞረ አትረሱትም። ሳህኑ መስተዋት ብቻ ነው፤ ሥራ የሚሠራው አፉ ላይ የተሰካው ኤልኤንቢ ነው። ሳተላይቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቆ በአንድ ቻናል የሚለቀው ኃይል በመቶ ዋት የሚቆጠር ሲሆን፣ ያም በብዙ አገሮች ላይ ይበተናል። ዘጠና ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን ለቃቅሞ ለኤልኤንቢው የሚያቀብለው አንድ ዋት ለትሪሊዮን ተከፍሎ ሁለት ሦስት እጁን ብቻ ነው። ይህን ሹክሹክታ የምትሰማው የመጀመሪያዋ ትራንዚስተር የራሷን ጫጫታ ብትጨምርበት ምስሉ ተበጣጥሶ ይቀራል።

ያቺ ትራንዚስተር የራሷ ታሪክ አላት። በተራ ትራንዚስተር ውስጥ ኤሌክትሮኖቹን የሚሰጡት ባዕድ አተሞች ከሚሮጡበት መንገድ ላይ ተቀምጠው ያደናቅፏቸዋል፤ ገበያተኛው አስፋልቱ ላይ ዕቃውን ዘርግቶ ታክሲ ለማለፍ እንደሚቸገረው። የፉጂትሱው መሐንዲስ ታካሺ ሚሙራ በ1979 ያሰበው ገበያውን ከመንገዱ መለየት ነበር። ባዕድ አተሞቹ በአንድ ንጣፍ ይቀመጣሉ፤ የሰጡት ኤሌክትሮን ግን አጠገብ ባለው ንጹሕ ንጣፍ ላይ ያለ ከልካይ ይሮጣል። ይህች ሄምት የምትባለው ትራንዚስተር በ1980ዎቹ አጋማሽ በጃፓኑ የኖቤያማ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ላይ ተገጠመች፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ቴሌቪዥን ዲሽ ወረደች። መጀመሪያ የከዋክብትን ድምፅ ለመስማት የዋለው ዕቃ ነው ዛሬ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት በረንዳችን ላይ የተንጠለጠለው።

ኤልኤንቢው አንድ ሌላ ሥራ አለው፤ ለኋላው ወሬያችን ስለሚያስፈልግ እዚህ ላይ ልብ በሉት። ዲሽ ሠሪው በሪሞት ሜኑው ላይ «9750/10600» የሚለውን ሲመርጥ አይታችሁ ይሆናል። የመጀመሪያው ቁጥር ኤልኤንቢው ራሱ የሚያመነጨው ሞገድ በሜጋኸርዝ ነው። ከሰማይ የመጣው 11,100 ቢሆን፣ ሁለቱን አዋሕዶ ልዩነታቸውን 1,350 ሜጋኸርዝን በኬብል ወደ ሪሲቨሩ ይሰድዳል። ኬብሉ 11,100ን ይዞ ቢወርድ ሳሎን ሳይደርስ በመንገድ ይሞትበታል። መቀነስ፣ የአንደኛ ክፍል ሒሳብ፣ እዚያ ጣሪያ ላይ በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ይሠራል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። እንዲህ ያለ ሰርኪዩት የሚነድፍ መሐንዲስ በብየዳ እየሞከረ ማስተካከል አይችልም። ቺፑ ፋብሪካ ተልኮ ተሠርቶ እስኪመለስ ወራት ይወስዳል፤ ከተሳሳተ የሚጠገን ነገር የለውም፤ ተጥሎ እንደገና ይታዘዛል፤ ገንዘቡም እንደገና ይከፈላል። ስለዚህ ሰርኪዩቱ በቅድሚያ በኮምፒውተር ላይ መሥራት አለበት፤ ኮምፒውተሩም እያንዳንዷን ትራንዚስተር የሚያውቃት በሞዴሏ በኩል ብቻ ነው። ሞዴሉ ከዋሸ ሁሉም ይዋሻል።

ለዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ነገሩ ያን ያህል አይከብድም። የቤታችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የሞገዱ ርዝመት 6,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ሽቦው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቮልቴጅ አለው ብሎ ማሰብ ያስኬዳል። በ11 ጊጋኸርዝ ግን ርዝመቱ ሦስት ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ በ300 ጊጋኸርዝ አንድ ሚሊ ሜትር ይሆናል። እዚህ ላይ ሽቦ ሽቦነቱ ይቀራል። እያንዳንዷ ቅንጣት ብረት ፍሰቱን ታጓትታለች፣ ሁለት ጎረቤት ብረቶች ሳይነካኩ ምልክት ይቀባበላሉ። ራሷ ትራንዚስተሯም ፍጥነቷ ወሰን አለው። ኤሌክትሮን በጥሩ ንጣፍ ውስጥ በሰከንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሮጥ፣ አንድ አሥረኛ ማይክሮ ሜትር የሆነውን ጌት ለማቋረጥ የሰከንድ ትሪሊዮንኛ ይፈጅበታል። ይህ ሲሰላ ትራንዚስተሯ ፍሰት ማጉላት የምታቆምበት ድንበር 160 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይመጣል። ጌቱን ማሳጠር ያዋጣል፤ ጠባብ ጌት ግን የራሱን መቋቋምና ሙቀት ይዞ ይመጣል።

ተማሪው የሚጀምረው ትራንዚስተሯን በሚያውቃቸው ዕቃዎች በመሳል ነው። በጌትና በሶርስ መካከል ያለው ሁኔታ የሚሞላና የሚጎድል ትንሽ ባልዲ ይመስላል፤ ካፓሲተር ይስልለታል። የብረቱ መንገድ መቋቋም፣ የመገናኛው አጓታችነት፣ ዋናው የማጉላት ኃይል ሁሉም እያንዳንዳቸው ምልክት ያገኛሉ። ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ የሚሆኑ ዕቃዎች ተያይዘው የትራንዚስተሯ ሥዕል ይወጣል። መሳሉ ቀላል ነው፤ አበሳው ለእያንዳንዱ ትክክለኛ ቁጥር ማግኘቱ ላይ ነው።

መለኪያ ክፍሉ ውስጥ ያለው ትዕይንት ይህን ይመስላል። ትራንዚስተሮቹ የተሠሩበት፣ ሳህን የሚያክለው ዌፈር ማይክሮስኮፕ ሥር ተኝቷል። በግራና በቀኝ ሁለት መርፌዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ጥርስ አላቸው፣ ጥርሶቹ የሚራራቁት በፀጉር ውፍረት አንድ ሁለት እጥፍ ነው። ተማሪው እጀታውን በስሱ እያዞረ ያወርዳቸዋል። ጥርሶቹ የወርቅ መገናኛውን ሲነኩ በጥቂቱ ይንሸራተታሉ፤ ያቺን ጭረት ሲያይ ነው መነካካታቸውን የሚያውቀው። ነገር ግን ወደ ትራንዚስተሯ ከመሄዱ በፊት መርፌዎቹን ምንም በሌለበት፣ አጭር ዙር በሆነበት፣ ልኩ በሚታወቅ 50 ኦም ላይና በቀጥታ መስመር ላይ ማስነካት አለበት። የኬብሉንና የመርፌውን ጥፋት ከመለኪያው ላይ የሚያጥበው በዚህ ነው። የክፍሉ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ከተለወጠ የጠዋቱ ልፋት ገደል ይገባል፤ ሀ ብሎ ይጀምራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ወፍጮ ቤት የሄደ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ጤፉን ለማወቅ ከረጢቱ ለብቻው መመዘን አለበት። የትራንዚስተሯም «ከረጢት» መገናኛ ብረቶቿ ናቸው። በ1988 በፈረንሳይ ሊል የነበሩት ዳምብሪንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ዘዴ፣ ድሬኑ ላይ ቮልቴጅ ሳይሰጥ ትራንዚስተሯ ተኝታ እያለች ትለካለች። ማጉላቷ ስለቆመ የሚታየው ከረጢቱ ብቻ ነው። ኋላ ነቅታ ስትለካ ያ ይቀነስና የተጣራው ጤፍ ይወጣል። እስከ ዛሬ በየላብራቶሪው የሚሠራበት ይህ ዘዴ ነው፤ በዚህ መስክ ካሉት ሐሳቦች መካከልም ከዚህ የሚያምር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

እስካሁን የተነገረው ለደካማ ምልክት ነው። ወደ ሞባይል አንቴና ማማ ስንሄድ ግን ትራንዚስተሯ አትሰማም፤ ትጮኻለች። ብዙ ኃይል ሲያልፍባት ቀጥ ያለው መስመሯ ይጎብጣል፤ ጉብጠቱም በቀመር መገለጽ አለበት። በስዊድን ቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ኢልቾ አንጌሎቭ በ1992 ያቀረበው ሞዴል ጉብጠቱን በአንድ ለስላሳ የሒሳብ ቅርጽ ስለያዘው መሐንዲሶች ወደዱት። ለስላሳነቱ ለጌጥ አይደለም፤ ቀመሩ አንድ ቦታ ላይ ከተሰበረ ኮምፒውተሩ መልስ ሳያገኝ ሲዞር ይውላል።

ለማማው ትራንዚስተሮች ዛሬ በስፋት የሚመረጠው ጋሊየም ናይትራይድ የተባለው ውህድ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይሸከማል፤ አመሉ ግን ክፉ ነው። ሁለት ነገሮች ያስቸግራሉ። አንደኛው ሙቀት ነው፤ ትራንዚስተሯ ስትሠራ ትግላለች፣ ስትግል ትደክማለች። ሌላው ወጥመድ ነው። በንጣፎቹ ውስጥና በላይኛው ገጽ ላይ ባሉ ጉድለቶች ኤሌክትሮኖች ይደበቃሉ፤ ተደብቀውም የሌላውን መንገድ ይዘጋሉ። ስለዚህ አሁን የሚፈስሰው ኤሌክትሪክ የሚወሰነው አሁን ባለው ቮልቴጅ ብቻ አይደለም፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት በሆነባትም ነው። ትራንዚስተሯ ቂም ትይዛለች። ተማሪው ሙቀቱን ከቂሙ ለመለየት ከማይክሮ ሰከንድ ባነሰ ምት እየነካ፣ ለመጋልም ለመደበቅም ጊዜ ሳይሰጥ ይለካታል። ብዙ የዶክትሬት ዓመት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ለአዲስ አበባ ሰው የምትሆን አንዲት ነጥብ፦ ከተማችን 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት ወስዶ የመሄድ አቅሙም ያንሳል። በባሕር ዳርቻ ከተማ የተለካ ትራንዚስተር ማማችን ላይ ስትወጣ ማቀዝቀዣዋ ያው ሆኖ አየሩ ይለወጥባታል፤ ሙቀትን በትክክል የሚያውቅ ሞዴል ይህንንም አስቀድሞ መናገር ይችላል።

ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ለሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን የተለካውን ነጥብ ሁሉ የሚነካ ቀመር እስካገኘ ድረስ ውስጡ ምን እንደሆነ ግድ የለውም። ሌላው ከኤሌክትሮኑ ሩጫ ተነሥቶ ቀመሩን ያወጣል። ቸኩሎ የሚያቀርበው ምርት ያለው መሐንዲስ ወደ መጀመሪያው ያደላል፤ አይፈረድበትም። ግን ነጥብ ብቻ የሚያሳድድ ቀመር ከተለካበት ክልል አንድ እርምጃ ሲወጣ ተፈጥሮ የማታውቀውን ነገር ይዘላብዳል። ፊዚክሱን ይዞ የተነሣው ዘገምተኛ ቢሆንም፣ ሲሳሳት እንኳ ስህተቱ ምክንያት አለው።

አሁን ወደ ሰዎቹ። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ላሪ ናጌል የተባለ ተማሪ በፕሮፌሰር ዶናልድ ፔደርሰን ሥር ሆኖ ስፓይስ የሚባል የሰርኪዩት ማስያ ፕሮግራም ሠራ፤ የዶክትሬት ጽሑፉም በ1975 ወጣ። ፔደርሰን ፕሮግራሙ ለሚፈልገው ሁሉ በነጻ እንዲሰጥ አጥብቆ የሚሻ ሰው ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ የሰርኪዩት ማስያዎች አብዛኞቹ ከዚያ ዘር የወጡ ናቸው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሕንዱ ጉዳይ ነው። ሱራብ ካንዴልዋል በኖርዌይ ትሮንድሄም የጋሊየም ናይትራይድ ትራንዚስተር ሞዴል ላይ የዶክትሬት ሥራውን ሠራ፤ ሥራው ቀጥሎ በሕንድ ካንፑር የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከዮጌሽ ቻውሃን ቡድን ጋር አደገ። የቺፕ ኩባንያዎች የጋራ መለኪያ የሚመርጡበት ማኅበር በ2018 ለጋሊየም ናይትራይድ ሁለት ሞዴሎችን መደበኛ አድርጎ ሲቀበል፣ አንዱ ከአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. የወጣ ነበር፤ ሌላው ይኸው የነካንዴልዋልና ቻውሃን ሞዴል ነው። ካንፑርም ሆነ ትሮንድሄም በትልልቅ የቺፕ ፋብሪካዎቻቸው የሚታወቁ ከተሞች አይደሉም።

ከእኛ ወገንስ? ትውልደ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ብርሃኑ ቡልቻ በአሜሪካ ናሳ ጎዳርድ የጠፈር በረራ ማዕከል ተመራማሪ መሐንዲስ ነው። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በዶክትሬት ዘመኑ የሠራው ከትራንዚስተር ጎረቤት ከሆነችው ከሾትኪ ዳዮድ ጋር ነው፤ ከአሜሪካ፣ ከስዊድንና ከእንግሊዝ ባልደረቦቹ ጋር በ2016 ያሳተመው ጽሑፍ ከ1.8 እስከ 3.2 ቴራኸርዝ የሚሠራ ሚክሰር ነድፎ መለካትን ይመለከታል። ሚክሰር ምን እንደሆነ ከጣሪያው ላይ አይታችሁታል፤ ያው የመቀነሻው ዕቃ ነው። ኤልኤንቢያችን በ11 ጊጋኸርዝ የሚሠራውን መቀነስ የብርሃኑ ዳዮድ ከ160 እስከ 290 እጥፍ ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ትሠራዋለች። እዚያ የሞገዱ ርዝመት ከፀጉር ውፍረት ብዙም አይርቅም።

የዚህ ጥቅም ምንድን ነው ለሚል፣ መልሱ ጨረቃ ላይ ነው። ቀደም ያሉ መሣሪያዎች በጨረቃ ላይ የውኃ ምልክት ቢያገኙም ውኃውን ከሃይድሮጅንና ከሃይድሮክሲል መለየት ያስቸግራቸው ነበር። ናሳ በ2022 ያስተዋወቀው የብርሃኑ ቡድን ሥራ በቴራኸርዝ ሌዘር የሚሠራ መለኪያ ነው። ሌዘሩ እያንዳንዳቸው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት አተም የማይበልጡ፣ ከ80 እስከ 100 የሚደርሱ የሴሚኮንዳክተር ንጣፎች አሉት። መሣሪያው ከጨረቃ የመጣውን ሞገድ ከራሱ ሌዘር ጋር አዋሕዶ ልዩነቱን ያነብባል፤ ሁሉ ነገሩ ተሰብስቦ አንዲት የሻይ ማንቆርቆሪያ የምታክል ሳተላይት ውስጥ እንዲገባ ታስቦ የተሠራ ነው።

ወደ ላፍቶ እንመለስ። የቺፕ ፋብሪካ ቢሊዮኖች ዶላር ይጠይቃል፤ እሱን እዚህ አናወራም። የመለኪያ ክፍሉም ቀላል አይደለም፤ እስከ 110 ጊጋኸርዝ የሚለካ መሣሪያ ከነመርፌው እዚሁ ለቡ ጥሩ ቪላ ያስገዛል። «ኮምፒውተርና ጉብዝና ይበቃል» የሚል ወሬ ስትሰሙ ተጠንቀቁ፤ ያልለካ ሰው አዲስ ሞዴል አይሠራም። የለካ ሰው የሰጠውን ቁጥር ይዞ የተሻለ ቀመር መሥራት ግን ይቻላል፤ ያ በርም በእኛ ጊዜ ተከፍቷል። በጀርመን ፍራንክፈርት ኦደር ያለው አይ.ኤች.ፒ. የተባለው የምርምር ተቋም ትራንዚስተሮቹ እስከ 350 ጊጋኸርዝ የሚደርሱበትን የሲሊከን ጀርማኒየም አሠራሩን ከነሞዴሎቹ ለማንኛውም ሰው በነጻ ለቅቆታል፤ የተለካው ቁጥርም አብሮ አለ። ከስፓይስ የተወለደው ኤንጂ ስፓይስ የተባለው ማስያም ነጻ ነው፤ በተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል።

ከመካከላችሁ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ የሆናችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ካልጠፋ፣ ፋይሉን አውርዳችሁ አንዲት ትራንዚስተር ምረጡ። ሙቀቷን ከአዲስ አበባ ሌሊት፣ ከ8 ዲግሪ፣ ጀምሩና ማማ ላይ ፀሐይ የመታው ሣጥን እስከሚደርስበት 85 ዲግሪ ድረስ በሰባት በሰባት አሳድጉት። በየእርምጃው የማጉላት ኃይሏን ጻፉ፤ የተለካ ቁጥር ባለበት ሁሉ አጠገቡ አስቀምጡት። ሁለቱ መስመሮች የሚለያዩበትን ዲግሪ ያዙና አምጡት።